ሃያ ስድስት በርና አንድ አግዳሚ

ስለ ወንድሜ ሳወራ ድምፄ ከፍ ይላል፤ ከአሁኑ ይቅርታ። አናጺ ነው። በሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ። እንደ እሱ በር የሚሠራ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ እንደ እሱ ግትር ሰውም አላየሁም። ሁለቱ እንዴት አንድ ሰው ውስጥ ተስማምተው እንደሚኖሩ የፈጠረው ይወቀው።

እኔ የሕንፃ ዕቃ እሸጣለሁ። ምስማር፣ ቀለም፣ ቧንቧ፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ ሽቦ፣ የጠፋ ነገር የለም። ከሱቄ ደጃፍ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ አለ። ጠዋት ጠዋት ሴራሚክ አንጣፊው፣ ቀለም ቀቢው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውና ብረት በያጁ ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት እዚያ ላይ ተደርድረው ሻይ ይጠጣሉ። አንዳቸውም አለቃ የላቸውም፤ ሁሉም የራሳቸው ጌታ ናቸው። መንገደኛ ሲያያቸው ሥራ ፈቶች ይመስሉታል። ጠጋ ብሎ ቢያዳምጥ ሌላ ነገር ይሰማል። «ከድልድዩ ማዶ ያለው ቤት ልስኑ አልቋል፣ ቀቢ ይፈልጋሉ።» «ያ ሰውዬ ሲሚንቶ ይሰስታል፤ ግድግዳውን ስትበሳ ተጠንቀቅ።» «ነገ መብራት ሊዘረጉ ነው፣ ጣሪያውን እንዳትዘጋው።» እኔ ሃያ ዓመት ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ ስሰማ ኖሬያለሁ። በዚያ አግዳሚ ወሬ ስንት ሰው ሥራ እንዳገኘ፣ ስንት ግድግዳ ሁለቴ ከመፍረስ እንደዳነ ጠይቁኝ።

የወንድሜ ወርክሾፕ ከሱቄ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ በአግዳሚው ፊት ያልፋል። ስምንት ዓመት ሙሉ ደህና አደራችሁ ብሎ አያውቅም። ሜትሩን ቀበቶው ላይ ሰክቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሹልክ። እነሱም «ግድግዳ» የሚል ስም አወጡለት። «ግድግዳው አለፈ» ይባባላሉ። እህቱ እዚያው ቆሜ እሰማለሁ። ምን እላለሁ? እውነታቸውን ነው።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። ልጅ ሳለን አፉ አይዘጋም ነበር። ጎረቤት ወንበር ሲሰበርበት እሱን ይጠራል፤ እሱም እየጠገነ ያወራል፣ ጠግኖም ያወራል፣ ሂድ እስኪሉት ያወራል። በኋላ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ተቀጠረ። አሥራ አንድ ዓመት ሠራ። እዚያ ሳለ እግሩ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ጠረጴዛ በሐሳቡ ነደፈ፤ አጠገቡ ለሚሠራው ጓደኛው በካርቶን ላይ ሥሎ አሳየው። በሳምንቱ ጓደኛ ተብዬው ሥዕሉን የራሱ አድርጎ ለአለቃው አቀረበና ኃላፊ ሆነ። ወንድሜን ሊያዝዘው መጣ! ያን ዕለት ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ፣ መላጊያውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። ዳግመኛ እዚያ ፋብሪካ በር ላይ አልቆምም አለ። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሐሳቡን መንገር ኪሱን ገልብጦ እንደማሳየት ሆነበት።

አዝኜለታለሁ። ግን አንድ ሌባ ስላገኘው ዓለሙን ሁሉ ሌባ ማድረግ ምን ይሉታል? ለሁሉም ነገር አንድ መልስ አለው። «ሥራዬ ይናገራል» ይላል። በር ይናገራል እንዴ? በር ሲጥ ይላል እንጂ!

አንድ ቀን የግል ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ስለ ኔትወርኪንግ፣ ከሰው ጋር ተዋውቆ ሥራ ስለ ማግኘት፣ ሥልጠና አለ ተባለ። ወንድሜን ጎትቼ ወሰድኩት። መቶ ቢዝነስ ካርድም አሳተምኩለት፤ ከላይ ትንሽ የበር ሥዕል ያለበት፣ ደህና ወፍራም ወረቀት። አሠልጣኙ ሱፍ ለብሶ፣ ሰዓቱን እያየ፣ «በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከአምስት ሰው ጋር ካርድ ተለዋወጡ!» አለን። አዳራሹ ገበያ ሆነ። ማንም ማንንም አይሰማም፤ ሁሉም ካርዱን ይወረውራል። እኔንም ያናደደኝ ነገር ነበር፣ አልዋሽም። ሰው በሦስት ደቂቃ አይታወቅም፤ እኔ አንዱን ቀቢ ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ወንድሜ ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ የአዳራሹን መስኮት ፍሬም ሲመረምር ዋለ። ከመቶው ካርድ አንድም አልሰጠም።

በሳምንቱ ወርክሾፑ ገባሁ። አዲስ ቁም ሣጥን ቆሟል። አንደኛው እግሩ ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ነገር አየሁ። ጎንበስ ብዬ ሳወጣው የበር ሥዕል አለበት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሽብልቅ ነው። ወለሉ ስላልተስተካከለ ይንገዳገዳል።»

«ሽብልቅ! እኔ ላሳትም፣ አንተ ሽብልቅ አድርገው!»

«ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ጥሩ ሆነ» አለኝ። እያሾፈ ቢሆን በስንት ጣዕሙ። አላሾፈም፤ ከልቡ ነው ያመሰገነኝ። ቱግ አልኩ።

«ነገ ሲቸግርህ ማን ይደርስልሃል? ቁም ሣጥኑ?»

መላጊያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እንዳንቺ አግዳሚ ላይ ወሬ አልቸረችርም። ሥራዬ ይናገራል።»

አንቺ ሴትዮ! አፉን ከፈታበት ጊዜ ጀምሮ «እታለም» እንጂ ሌላ ብሎኝ አያውቅም። እናታችን ስትሞት እንኳ ከሕዝቡ መሃል «እታለም የት አለች?» እያለ ነው የፈለገኝ። ካርዱን ጥዬለት ወጣሁ። ሆድና ጀርባ ሆንን። የሱቄ የጓሮ በር ያኔም ወለሉን እየፋቀ ነበር የሚከፈተው፤ በእግሬ ጫፍ ከታች እያነሣሁ፣ በትከሻዬ እየገፋሁ ነው የምከፍተው። ሊሠራልኝ ቃል ገብቶ ነበር። የአናጺ እህት በር እንዲህ ሲንቋቋ ደንበኛ ይስቅብኛል። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልለምነውም አልኩ።

ሁለት ወር እንዳለፈ አንድ ተቋራጭ ማጠፊያ ሊገዛ ሱቄ መጣ። አዲስ ትምህርት ቤት እየሠራ ነው፤ ሃያ ስድስት የእንጨት በር የሚሠራለት ሰው አጥቷል። አግዳሚው ላይ የነበረው ሴራሚክ አንጣፊ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ አመለከተው። «ከዚህ ሱቅ ጀርባ አንድ ሰው አለልህ። አያናግርህም፤ የሚሠራው በር ግን ወደር የለውም።» ይህን ሰው ሁላችንም «ጉልበቴ» ነው የምንለው፤ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ሲያነጥፍ ስለሚውል ሲነሣም ሲቀመጥም «ወይ ጉልበቴ!» ይላል። ወንድሜ ሰላም ብሎት የማያውቀው ጉልበቴ ነው ሥራውን የሰጠው። ተቋራጩም ይኸ ሥራ ካማረለት ጎኑ የሚቆመውን ሁለተኛ ሕንፃ እንደሚሰጠው ቃል ገባ። በማግስቱ የወንድሜ ሚስት ሳሙና ልትገዛ ስታልፍ ጎራ አለችና ደስ ብሏት ነገረችኝ። «እትዬ፣ ሥራዬ ተናገረ አለኝ እኮ!»

ሥራው ተናገረ! የጉልበቴ አውራ ጣት ነው የተናገረው። ነገሩን ሆዴ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ወንድሜ ሥራ ቦታው ሄዶ ለካ። የበሮቹ ፍሬም ቆሟል፤ ወለሉ የሲሚንቶ ሊሾ ነው ተብሏል። ከሊሾው እስከ ፍሬሙ አናት ለካ፤ ጻፈ፤ ሄደ። አንዴ የለካሁትን ሁለቴ አልለካም እያለ የሚኩራራ ሰው ነው፤ ደግሞም እውነቱን ነው፣ ተሳስቶ አያውቅም። ወርክሾፑን ዘግቶ፣ ስልኩን እንዳይረብሸው መሳቢያ ውስጥ ከቶ፣ ሥራውን ተያያዘው።

አሁን የምናገረውን ነገር እስካሁን ለማንም አሳምሬ ለመናገር ሞክሬ አልሆነልኝም፤ እንዳለ ልበለው። አንድ ጠዋት ጉልበቴ አግዳሚው ላይ ሻዩን ይዞ፣ «የትምህርት ቤቱ ባለቤቶች ሐሳባቸውን ቀይረዋል። ሊሾው ላይ ሴራሚክ አንጥፍ ተብያለሁ። ወለሉ ሦስት ሴንቲሜትር ይነሣል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ በር ከተቆረጠ በኋላ ነገር ይበላሻል። ወንድምሽ ሰምቷል አይደል?»

ወርክሾፑ ከባንኮኒዬ ስልሳ እርምጃ ነው። ብጮኽ ይሰማኝ ነበር።

«ሥራው ይንገረው» አልኩ።

አግዳሚው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። አፌን በቆረጠው!

ሦስት ሳምንት አለፈ። በየቀኑ የመላጊያው ድምፅ ከጓሮ ይሰማኛል። በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ «አንቺ ሴትዮ» የሚለው ቃል ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላና እተወዋለሁ። ተቋራጩ ራሱ ነግሮት ይሆናል እያልኩም ራሴን እሸነግላለሁ።

አንድ ዓርብ ከቀትር በፊት የወንድሜ ሚስት ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ እየሮጠች መጣች። «እትዬ፣ በሮቹ አልገባ አሉ! ሁሉም! ሃያ ስድስቱም!»

ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብዬ አብሬያት ሄድኩ። ረጅሙ ኮሪደር አዲስ ሴራሚክ ለብሶ ያብረቀርቃል። በሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ቫርኒሻቸው ማር ይመስላል፤ ያማሩ፣ የትም የማይገቡ በሮች። ወንድሜ ፍሬሙ ሥር ተንበርክኮ ይለካል። ይነሣል። ሌላኛው ክፍል ሄዶ ይለካል። ተቋራጩ ከበላዩ ቆሞ ይጮኻል።

«ወለሉ እንደተቀየረ የማያውቅ ሰው የለም! ለአንተ ስንቴ ደወልኩ? ስልክ አታነሣም፣ ሥራ ቦታ ብቅ አትል፣ ሰው አትጠይቅ! ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱን የሚረከቡት ሰዎች ይመጣሉ። ያኔ አንድ የማይከፈት በር ካየሁ ሁሉንም አስነቅዬ ከፋብሪካው አስመጣለሁ። ሁለተኛውንም ሕንፃ እነሱ ይሠሩታል።»

ከፋብሪካው ማለት ከዚያው፣ ሽርጡን ለብሶ ከወጣበት ፋብሪካ ነው። ወንድሜ ሜትሩን እንደያዘ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ልክ ነበር» አለ። «ስለካው ልክ ነበር።»

ሚስቱ ክንዴን ያዘችኝ። «ይኸን ካጣ ወርክሾፑን መዝጋቱ ነው። እዚያ ፋብሪካ ተመልሶ ልቀጠር ብሎ የሚቆም ይመስልሻል? ከሚሄድ ቢሞት ይመርጣል።» እኔ ከምሰሶው ኋላ ነበርኩ። ወንድሜ አላየኝም። ተቋራጩ ላይ ነደድኩ፤ አንድ ሰው ልኮ ማስነገር ያቅተዋል? ወንድሜ ላይ ነደድኩ። ወደ ሱቄ ስመለስ ግን የምነድበት ሰው አለቀብኝና ራሴ ብቻ ቀረሁ።

ስሌቱ ቀላል ነበር። በሮቹን ከታች በሦስት ሴንቲሜትር ማሳጠር ይቻላል። አንዱን በር በእጅ መጋዝ ቆርጦ፣ በመላጊያ አስተካክሎ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ቫርኒሽ ቀብቶ መስቀል ለአንድ ሰው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ቫርኒሹን ልዝለለው ቢል ወለል በታጠበ ቁጥር እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ሃያ ስድስት በር፤ ቅዳሜና እሑድ። አንድ ሰው ብቻውን አይጨርሰውም።

ከሥራ መልስ አግዳሚው ሲሞላ ከባንኮኒው ኋላ ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩ። የሆነውን ነገርኳቸው። ጉልበቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አልነገርሽውም?»

«አልነገርኩትም።»

«እኔ እኮ እየቀለድሽ መስሎኝ ነው! ሦስት ሳምንት! እትዬ፣ ሰው ለጠላቱ እንኳ የወለል ከፍታ አይደብቅም!»

ቀለም ቀቢው ደግሞ በሌላ በኩል ተነሣብኝ። «ስምንት ዓመት በፊታችን ሲያልፍ ደህና ዋላችሁ ያላለን ሰው ነው። ዛሬ እኛ ምን ዕዳ አለብን?» ብረት በያጁ ራሱን ነቀነቀ። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ሰዎቹን ይኸው አውቃቸዋለሁ እያልኩ ስኩራራባቸው የኖርኩት እኔ፣ ለወንድሜ አንዲት ቃል ይዤ ስልሳ እርምጃ አልሄድኩም።

ጉልበቴ «ወይ ጉልበቴ» እያለ ተነሣ። «በሩ ካልተሰቀለ እኔ የደፉን ሴራሚክ መጨረስ አልችልም» አለ። ወደ ቀቢው ዞረ። «አንተስ? የበሩን ዙሪያ ግድግዳ ሳትቀባ ልታስረክብ ነው?» ቀቢው ራሱን አከከ። «ሥራችን የታሠረው በዚያ ሰውዬ እግር ላይ ነው፤ ሰላም አለን አላለን። ነገ በጠዋት።»

ቅዳሜ ፀሐይ ስትወጣ ኮሪደሩ ውስጥ ነበርን። ወንድሜ ቀድሞን ሁለተኛውን በር እየቆረጠ ነው፤ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። ቀና ብሎ ሲያየን መጋዙ ቆመ።

«ማን ጠራችሁ?»

«ሥራዬ ይናገራል ትል የለ?» አለው ጉልበቴ። «ይኸው እየጮኸ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። ዞር በል።»

ብረት በያጁ የኤሌክትሪክ መጋዝ ከሚያውቀው ሰው ተውሶ አምጥቷል። ሕንፃው ገና መብራት ስላልገባለት ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከጥበቃ ቤቱ ገመድ ዘረጋ። ጉልበቴ ከኪሱ የተጨማደደ ወረቀት አወጣ፤ የየክፍሉን ወለል ከፍታ በእርሳስ ጽፎ ይዞታል። «ሰባተኛው ክፍል በሁለት ሚሊ ይበልጣል፤ አሥራ አንደኛው በሦስት። ሁሉንም እኩል እንዳትቆርጥ» አለው። ወንድሜ ወረቀቱን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ይኼን ወረቀት በሦስት ሳምንት ውስጥ በፈለገው ቀን ማግኘት ይችል ነበር።

አላስቻለኝም። የቫርኒሹን ጣሳ አስቀምጬ ሁሉም እየሰማ ነገርኩት። «አውቅ ነበር። ጉልበቴ ንገሪው ብሎኝ ነበር። ተናድጄብህ ስለነበር አልነገርኩህም። ሥራው ይንገረው አልኩ።»

የሚሳደብ መስሎኝ ተዘጋጀሁ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አየኝ፤ ከዚያ ወረቀቱን እያየ ሰባተኛው በር ላይ መስመር አሠመረ። ሁለቱን ቀን አብረን ሠራን፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰልኝም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሃያ ስድስተኛው በር ተሰቀለ። ሰኞ ተቋራጩ ሰዎቹን አስከትሎ በኮሪደሩ ሲሄድ በሮቹን በአንድ ጣቱ ብቻ እየገፋ ከፈተ። ሁለተኛው ሕንፃ ለወንድሜ ተሰጠ።

ማክሰኞ ጠዋት ወንድሜ አግዳሚው ፊት ደረሰና ቆመ። «ደህና አደራችሁ» አለ። ሁሉም ተጠጋጉለት። ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ተሰጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ይመጣል፤ ያዳምጣል፤ ሲጠይቁት ይመልሳል፤ አንዳንዴም ራሱ ይጠይቃል። ግድግዳ የሚለው ስም ቀረ። እኔ የስምንት ዓመት ምኞቴ ተሟላልኝ። ከሁሉም ጋር ያወራል፤ ወደ ሱቄ ግን ዓይኑን አያዞርም። ማጠፊያ ሲፈልግ እንኳ በቀቢው በኩል ያስገዛል። ሦስት እርምጃ ላይ ተቀምጦ! አንዳንድ ቀን ስናደድ እውላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ይገባኛል እላለሁ።

እንዲህ ሆነን አንድ ወር ከረምን። አንድ ቅዳሜ ጉልበቴ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አለ። «ወንድምሽ ነገ የጓሮውን በር ሊሠራ ይመጣል።»

«ምላስ የለውም? ለምን ራሱ አይነግረኝም?»

ጉልበቴ ፊቱን አዞረ። «እኔም ብዬው ነበር። ሥራዬ ይንገራት አለኝ።»

የተናገርኩት ቃል ተመልሶ መጣልኝ።

እሑድ መጣ። ሰላም አላለኝም። ሜትሩን አውጥቶ በሩን ለካ። ከዚያ ሜትሩን እንደገና ዘረጋና ሁለተኛ ለካው። ብሎኖቹን ሲፈታ እኔ ዕቃ የማደራጅ መስዬ መደርደሪያው ሥር እንጎዳጎዳለሁ። የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ በሩ በሙሉ ክብደቱ ወደ እሱ አዘነበለ። በአንድ ትከሻው ተሸከመውና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እታለም፣ ያዢው እንጂ» አለኝ፣ በቁጣ።

ሮጬ ያዝኩት።